የአያቴ ቋጠሮ፦ የቤተሰብ ታሪክ ከመቀነት፣ ከደረሰኝና ከክርስትና ስም እንዴት ይሰበሰባል

እማማ ያረፈችው ሐምሌ 2013 ነው። አርባዋ በወጣ ማግስት እናቴና አክስቶቼ ልብሷን ለነዳያን ለማከፋፈል ሣጥኗን ከፈቱት። ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ጋቢው እየታጠፈ ማዳበሪያ ውስጥ ሲገባ መቀነቷ እኔ እጅ ላይ ደረሰ። ጨርቅ ብቻ ቢሆን እንዲያ አይከብድም። ጫፉን ስዳብሰው ሦስት ቋጠሮ አገኘሁ፤ አንዱ ጠንካራና ክብ፣ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ደግሞ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ። ሳልዳብሰው አጣጥፌ ጨምሬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር።

በቤታችን እማማ «ቋጣሪ» ትባል ነበር። በፍቅር ነው የሚሉት፣ ግን ይሉታል። ክብሪት እንዳይባክን ከምድጃ ወደ ምድጃ እሳት በወረቀት ታሻግራለች። የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል እንጂ አይደፋም። የቡናው አተላ እንኳ ለጽጌረዳዋ ይቀመጣል። ይህችው ሴት ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለኪዳን የምትወጣ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ አርባ አንድ እግዚኦታ ሳታደርስ ውሃ የማትቀምስ ነበረች። እኛ ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ቁጠባዋን ለብቻ፣ ጸሎቷን ለብቻ ነበር የምናውቀው። ታሪኳን መሰብሰብ ስጀምር ግን አንዱን ያለ ሌላው ማንበብ አቃተኝ። ገንዘብ የምትቋጥረው ለማን እንደሆነ ስናውቅ ነው ማን እንደነበረች ያወቅነው።

ስለዚህ የምነግራችሁ መንገድ ሁሉ ከዚህ ይነሣል፦ ጸሎተኛና ቆጣቢ አያት ከነበረቻችሁ ትንሿ ገንዘቧ ወዴት ወዴት እንደሄደች ተከተሉ። ቆጣቢ ሰው ወረቀት አይጥልም። ጸሎተኛ ሰው ደግሞ የሚጸልይለትን ሰው ስም አይረሳም።

ልብሱ ሳይከፋፈል

በእኛ ወግ የሟች ልብስ ለነዳያን ይሰጣል፤ መሰጠትም አለበት። ከመሰጠቱ በፊት ግን አንድ ሙሉ ቀን ውሰዱ። የቀሚሱን ጠርዝ፣ የትራሱን ሆድ፣ የፍራሹን ሥር፣ የዳዊቱን ማኅደር፣ የሙዳዩን ወለል ዳብሱ። ያገኛችሁትን ከማንሣታችሁ በፊት ባለበት ፎቶ አንሡት። ከምን ጋር እንደተቀመጠ ራሱ አንድ ወሬ ነው፤ አያት ዕቃን በከንቱ ጎን ለጎን አታስቀምጥም። እኛ ፎቶ ሳናነሣ አንድ ሙዳይ ገልብጠን ባዶ አድርገናል። ውስጡ የነበሩት አራት ቁልፎች ከየትኛው ጨርቅ ጋር እንደታሰሩ፣ የምን በር እንደሚከፍቱ አሁን የሚያስታውስ የለም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዳዊት ካለ የመጀመሪያና የመጨረሻ ባዶ ገጾቹን እዩ። ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲሞት ቀኑን እዚያ ላይ ማስፈር የቆየ ልማድ ነው። እማማ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ውዳሴ ማርያምን የዕለት የዕለቱን በቃሏ ነበር የምትደግመው። የወንድሟ የነበረው ዳዊት ግን ከራስጌዋ አይለይም። የኋላ ገጹ ላይ በእርሳስ አንድ መስመር አገኘን፦ «ምትኩ ጥር 6 ቀን ተወለደ።» ምትኩ ትልቁ አጎቴ ነው። ዓመተ ምሕረቱ አልተጻፈም። ያም ቢሆን ቀን ያለ ዓመት ትልቅ ነገር ነው፤ ዓመቱን ከሌላ ቦታ እንዴት እንዳገኘነው ወደታች እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ መቀነቱ። ጠንካራው ቋጠሮ ውስጥ ጠገራ ብር ነበረ። 1780 የሚል ቁጥር አለበትና የአክስቴ ልጅ ወዲያው «የሁለት መቶ ምናምን ዓመት ቅርስ ነው» አለ። እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱ። 1780 ብሩ ላይ መልኳ የተቀረጸው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት የፈረንጅ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የተመታው ጠገራ ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የወጣው። ስለዚህ ቁጥሩ የቤተሰባችሁን ዘመን አይነግራችሁም። ጠቃሚው ጥያቄ ሌላ ነው። ከማን እጅ መጣ? ጥሎሽ ነው ወይስ የእህል ዋጋ? ለአንገት ጌጥ ተበስቷል? ማንጠልጠያ ተበይዶበታል? የእማማው ከላይ በኩል ማንጠልጠያው የተገነጠለበት ሻካራ ጠባሳ አለው። መንዝ ሞላሌ ያሉት ታናሽ እህቷ፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ በአውራ ጣታቸው ጠባሳውን አንዴ ዳበሱትና «ይኼማ የጥሎሿ ነው። አምስት ነበሩ» አሉኝ።

ለስላሳው ቋጠሮ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ እምነት ነበር። እሱን እናቴ ወሰደችው።

የሚንኮሻኮሸው ደረሰኝ ነበር፤ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያህል ተጣጥፎ። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤ ደረሰኝ ነው፤ ቀኑ ሕዳር 12 ቀን 2013። የሰጪ ስም ወለተ ማርያም፣ ለጧፍና ለዕጣን፣ ስለ ገብረ ሚካኤል ነፍስ፣ ብር 50። ከሣጥኑ ታች ደግሞ የኒዶ ቆርቆሮ ነበር፤ ከላይ የልብስ ቁልፍ ሞልቶበት ሁላችንም የቁልፍ ማስቀመጫ ብቻ ይመስለን የነበረ። ቁልፎቹን ስናፈስ ከሥር ራሷ በፈተለችው ክር የታሰረ የደረሰኝ ጥቅል ወጣ። ምንጣፍ ላይ አንድ በአንድ ዘረጋነው። የመጀመሪያው የ1974 ነው፣ ብር 1። ከዚያ በየዓመቱ ሕዳር 12። የሕዳር 12ቱ ብቻ ከመቀነቱ ጋር ሠላሳ ሰባት ደረሰኝ፤ በመሐል የሚጎድለው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ሁሉም ስለ ገብረ ሚካኤል ነፍስ።

በቤታችን ገብረ ሚካኤል የሚባል ሰው ኖሮ አያውቅም።

እንዲህ ያለ ጥቅል ካገኛችሁ ወዲያው አትፍረዱ፤ መጀመሪያ መዝግቡት። አንድ ደብተር አስምሩና ቀኑን፣ የሰጪውን ስም፣ ስለ ማን እንደተሰጠ፣ ለምን እንደተሰጠና መጠኑን ጻፉ። የካርቦን ቅጂ ቶሎ ይጠፋልና በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሡት። ከዚያ ዓመታቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ከተለመደው የወጣውን ፈልጉ። በእማማ ጥቅል ውስጥ 1977 ላይ ከሕዳሩ ሌላ ሦስት ደረሰኝ አለ፤ ሦስቱም ለድርቅ ተጎጂዎች መርጃ። አጎቴ ሲያየው ዝም አለና «ያን ዓመት ፋሲካን ያለ ሥጋ ነው የዋልነው፤ ተቀይሜያት ነበር» አለ። እናቴ ደግሞ እማማ በዐቢይ ጾም የቅቤውንና የሥጋውን ወጪ ለይታ ትቋጥር እንደነበር ያን ጊዜ አስታወሰች። በጾም የተረፈው የድሃ ነው ትል ነበር፤ ከቤት ወጪ ጋር አትቀላቅለውም። ይህን ከአንድ ደረሰኝ ነው ያገኘነው፤ ሃምሳ ዓመት አብረዋት የኖሩ ልጆቿ ሳይቀሩ ረስተውት ነበር።

ዕድሜዋን ፍለጋ

የእማማ መታወቂያ 1929 ይላል። የብዙ አያቶች መታወቂያ ላይ ያለው የልደት ዘመን ጸሐፊው ፊታቸውን አይቶ የገመተው ነው፤ እንደ ፍንጭ ያዙት እንጂ አትደገፉበት። ራሷ የምትለው ሌላ ነበር፦ «ንጉሡ በገቡ በመከሩ ነው የተወለድኩት። እናቴ ለአጫጆቹ ጠላ ስትጠምቅ ምጥ ያዛት።»

ይህን ዓይነት አነጋገር አትናቁት፤ ከመታወቂያው ይልቅ ትክክል ነው። ንጉሡ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው መከር ማለት የ1934 ኅዳር አካባቢ ይሆናል። አያቶቻችን ዘመንን የሚቆጥሩት በእንዲህ ዓይነት ምሰሶ ነውና ምሰሶዎቹን በደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጽፋችሁ ያዙ፦ ጣሊያን ሲገባ 1928፣ ንጉሡ ሲመለሱ 1933፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ አብዮቱ 1966፣ መሬት ላራሹ 1967፣ የንጉሡ ብር ሲቀየር 1969፣ ድርቁ 1977፣ ደርግ ሲወድቅ 1983። «ያኔ ስንት ዓመትሽ ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ያኔ የት ነበርሽ? ማንን ታዝዪ ነበር?» በሉ።

የአጎቴ ዓመት የተገኘው በዚህ ነው። እማማ አዲስ አበባ የገባችው በግርግሩ ሰሞን እንደሆነ፣ ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ልጅ በተኩሱ እየደነገጠ ሲያለቅስ እንደነበር ደጋግማ ትናገር ነበር። እትዬ ደግሞ «ከዚህ ስትነሣ ልጁ ዳዴ ይል ነበር፤ አልቆመም» አሉ። ታኅሣሥ 1953 ላይ ዳዴ የሚል ልጅ ጥር 6 ቀን ከተወለደ ዓመቱ 1952 ነው። አንዱ ወረቀት ቀኑን፣ ሁለት ሴቶች ዓመቱን ሰጡን።

የእማማን የልደት ቀን ደግሞ ያገኘሁት ከክርስትና ስሟ ነው። ብዙ ሰው የማይሞክረው መንገድ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልንገራችሁ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው። ካህኑ ስም ሲያወጣ ብዙ ጊዜ የዕለቱን ወይም የዚያን ሰሞን በዓል ይከተላል። ስለዚህ ስሙ ውስጥ ቀን ሊኖር ይችላል። ሥላሴ ከሆነ 7ን፣ ሚካኤል ከሆነ 12ን፣ ገብርኤል ከሆነ 19ን፣ ማርያም ከሆነ 21ን፣ ጊዮርጊስ ከሆነ 23ን፣ መድኃኔ ዓለም ከሆነ 27ን አስቡ። ወሩን ግን ስሙ አይነግራችሁም፤ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። እማማ ወለተ ማርያም ናት፤ እትዬ «በአስተርዮ ማርያም ነው የተነሣችው፤ እናታችን በየዓመቱ ታነሣው ነበር» አሉኝ። ጥር 21 ማለት ነው። ወራችን ሁሉ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆነ ሰማንያ ቀን ሁለት ወር ከሃያ ቀን ነው። ከጥር 21 ሁለት ወር ወደኋላ ኅዳር 21፣ ከዚያ ሃያ ቀን ወደኋላ ኅዳር 1። አጨዳው፣ ጠላው፣ ምጡ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። ቆጠራችሁ ጳጉሜን ከተሻገረ አምስት ወይም ስድስት ቀኗን ማስገባት አትርሱ። ሕፃኑ ታሞ ከቀኑ በፊት ተጠምቆ ከሆነ ስሌቱ አይሠራምና ይህንንም ጠይቁ።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች የሚልኩላችሁ ወረቀት በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ ስምንት ዓመት ቀንሱ። የእኛ ቤት አንድ ፎቶ በዚህ ስህተት የተነሣ ለዓመታት አለቦታው ሲነገርለት ኖሯል።

የእድር መዝገብንም እዩ። ጸሐፊውን በአክብሮት ብትጠይቁት አባል የሆኑበትን ዓመት፣ ያስመዘገቧቸውን የቤተሰብ ስሞች፣ ከሁሉም በላይ የቀብር ገንዘብ የተከፈለበትን ቀን ታገኛላችሁ። የአያቴ ባል መቼ እንደሞተ በቤታችን ሦስት ዓይነት ወሬ ነበር፤ የእድሩ መዝገብ ጨረሰው።

ማንን፣ መቼ፣ እንዴት

ከሁሉ በፊት፦ አያታችሁ በሕይወት ካለች ዛሬውኑ ሄዳችሁ አጠገቧ ተቀመጡ። ደብተር ዘርግታችሁ ፊት ለፊት አትቀመጡ፤ ፍርድ ቤት ይመስላታል። ምስር ስትለቅም ምስር ልቀሙ፤ እንዝርቷን ስታሾር ጥጡን ዳምጡላት። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን አፍ ይፈታል። እማማ ስለ ሠርጓ የነገረችኝ ሁሉ የተነገረው ቡና ሲቆላ ነው፤ ዓይኗ እኔ ላይ ሳይሆን ብረት ምጣዱ ላይ ሆኖ።

ካረፈች ደግሞ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አትጠይቁ። ሰው ሐዘኑ ትኩስ እያለ የሚናገረው ሙሾውን ነው። አርባው ላይ፣ ሙት ዓመቱ ላይ ግን ከገጠር የሚመጡት ዘመዶች አድረው ይሰነብታሉ፤ እራት ከተበላ በኋላ ራሳቸው ይጀምሩታል። ያን ጊዜ አጠገባቸው ሁኑ። አንድን ነገር ከሁለት ሰው ለየብቻ ስሙ፤ አንድ ላይ ከጠየቃችኋቸው ታናሹ ታላቁን ተከትሎ ይናገራል። ጥያቄያችሁ «ማን» በሚል ይጀምር፦ ማን አረሳት? ክርስትና እናቷ ማን ናቸው? ሙሽራ ስትሆን ማን አጀባት? ማን ዳራት? «ማን» ካለ «የት»ና «መቼ» ተከትለው ይመጣሉ።

ማኅበርተኞቿን አትዝለሉ። የጽዋ ማኅበር ሴቶች በወር በወር አንድ ቤት ተሰብስበው ለሠላሳ ዓመት ያወሩ ናቸው፤ ልጆቿ የማያውቁትን ያውቃሉ። የንስሐ አባቷንም ጠይቁ፤ ምን መጠየቅ እንደሌለባችሁ ግን ዕወቁ። ኑዛዜ የእሷና የእግዚአብሔር ነው። እኔ አባን የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በጸሎት እንዲያስቧቸው የሰጠቻቸውን የክርስትና ስሞች። ትንሽ ደብተራቸውን አወጡና አነበቡልኝ። የመጀመሪያው ስም ገብረ ሚካኤል ነው። ከአባቷ በፊት፣ ከእናቷ በፊት፣ ከባሏም በፊት። ማን እንደሆነ ስጠይቃቸው «አገሯ ሂጂ» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ሄድኩ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን ጣርማ በር፣ ከዚያ ወደ መንዝ፤ ሞላሌ፣ ማማ ምድር። ብርዱ አጥንት ይገባል። እትዬ ባና ደርበው እሳት ዳር ተቀምጠው ጠበቁኝ።

ስለ አገሩ ሰው አንድ ነገር ልበል። መንዝ ላይ የቀድሞ ሽማግሌዎች ትውልድ የሚቆጥሩት ለወሬ አልነበረም። ርስት የሚገኘው በአባትም በእናትም በኩል ወደ አቅኚው አባት በመቁጠር ስለነበር ዘር መቁጠር የማይችል ሰው መሬቱን ይነጠቃል። የሽማግሌው ጭንቅላት የመሬት መዝገብ ነበር ማለት ይቻላል። የካቲት 1967 የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ያ አስፈላጊነት ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የተወለዱት አይቆጥሩም። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ብቻ ነው የቀረው። ስለዚህ ገጠር ከሄዳችሁ በርስት ክርክር ዘመን ጎልማሳ የነበሩትን ፈልጉ። አንድ የሰፈር አዛውንት የእማማን አባት ስም ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ዘጠኝ አባት ወደላይ ቆጠሩልኝ፤ ስልኬ ላይ ቀድቼዋለሁ። ሲጨርሱ «በእናቷ በኩልስ አትጠይቂም?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ስማችን አባት በአባት ስለሆነ የእናት ወገን ሳይጠየቅ ይጠፋል። የኛ ሴቶች ሲያገቡ የአባታቸውን ስም አለመቀየራቸው አንድ ትልቅ ዕድል ነው፤ የአያታችሁ ሙሉ ስም ወደ አባቷ አገር ያደርሳችኋል። ከዚያ በኋላ ግን የእናቷን፣ የእናቷን እናት ስም እየነጠላችሁ ጠይቁ።

ማታ ላይ ደረሰኞቹን ለእትዬ አነበብኩላቸው። ገብረ ሚካኤል ስል እሳቱን መቆስቆስ አቆሙ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ፦

«ምትኩ የማን ምትክ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቃችሁም?»

አልጠየቅንም። ስልሳ ዓመት «ምትኩ፣ ምትኩ» ስንል ኖረን አንድ ቀን አልጠየቅንም። ስለዚህ እናንተ ጠይቁ። በቤተሰባችሁ ውስጥ ምትኬ፣ ምትኩ፣ ካሣ፣ ካሣዬ፣ ማስረሻ የሚባል ሰው ካለ ከእሱ በፊት ማን እንደነበረ ፈልጉ። ስሙን ያወጣችው እናት እዚያ ላይ አንድ ሰው ቀብራ ሊሆን ይችላል።

የበኩር ልጇ ነበር። በኅዳር ሚካኤል ክርስትና ተነሣ፤ ዓመት ሳይሞላው ኩፍኝ ወሰደው። እማማ ልጁን አዝላ ጠበል ለጠበል ዞራለች፤ ከአምስቱ ጠገራ ሁለቱ ያኔ ተሸጡ። ሁለቱ ደግሞ ምትኩን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ስትወጣ ለመንገድና ለቤት ኪራይ ሄዱ። «አምስተኛዋን ለመግነዜ ነው ትል ነበር» አሉ እትዬ፤ «ለሰው ሸክም ላለመሆን።» መግነዙንና ሰሌኑን ግን እማማ ቆይታ ፈትል ሸጣ ባገኘችው ገንዘብ ገዝታ ሣጥኗ ውስጥ አኑራ ነበር፤ ባረፈች ቀን እናቴ ያወጣችው እሱን ነው። ስለዚህ ብሯ ቋጠሮው ውስጥ ቀረች።

እንዲህ ዓይነት ነገር ስታገኙ ለመላው ቤተሰብ በቴሌግራም ከመበተናችሁ በፊት በሕይወት ያለውን ባለጉዳይ አስቀድሙ። እኔ ለአጎቴ በስልክ አልነገርኩትም። አዲስ አበባ ተመልሼ ቤቱ ሄጄ፣ ደረሰኞቹን ይዤ፣ ከእናቴ ጋር ነው የነገርነው።

እንዳይጠፋ

በ2011 ከፋሲካ በኋላ እማማን ሁለት ሰዓት ያህል በስልኬ ቀድቻት ነበር። ስልኩ ውሃ ገባበትና ጠፋ። የተረፈው ጅዳ ላለችው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ልኬላት የነበረው 11 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለ ስልጆ አሠራር ነው የምታወራው፤ ሰናፍጩ ስንት፣ ባቄላው ስንት። በመሐል ቃሏ ሲቆም መቁጠሪያዋ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። ስለዚህ የቀዳችሁትን በዚያው ቀን ቢያንስ ለሁለት ሰው ላኩ፤ አንዱ በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ያለ ይሁን። በፋይሉ ስም ላይ የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። ውጭ ያሉት ዘመዶቻችሁ ደግሞ አያታችሁ የላከችላቸውን ፎቶና ደብዳቤ እንዲፈልጉ ጠይቋቸው፤ እዚህ የጠፋው ብዙ ጊዜ እዚያ ሻንጣ ውስጥ አለ። ፎቶ ሲመጣ ጀርባውንም አንሥተው እንዲልኩላችሁ አስታውሷቸው፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና ጽሑፉ ያለው እዚያ ነው።

ወረቀቶቹን በፕላስቲክ አታሽጉ፤ እርጥበት ይይዛሉ። በንጹሕ ወረቀት ፖስታ፣ በዓመት በዓመቱ ለዩና ከጭስና ከፀሐይ አርቁ። የታሰሩበትን ክር አትጣሉ። እኔ የእማማን ክር በሌላ ላስቲክ ልተካው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

በ2014 ኅዳር 12 ቀን አጎቴ በጠዋት ደወለልኝ። ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቅዳሴው ሲያበቃ ወደ ሰበካ ጉባኤው ቢሮ ገባና ተራውን ጠብቆ ቆመ። ጸሐፊው የሰጪውን ስም ሲጠይቀው የራሱን የክርስትና ስም ተናገረ። «ስለ ማን?» ሲለው ትንሽ ቆየ፤ «ስለ ወንድሜ» አለ፤ ቀጥሎ «ስለ ገብረ ሚካኤል ነፍስ» ብሎ አስተካከለው። ደረሰኙን አራት ላይ አጥፎ ለእኔ ሰጠኝ። ቤት ስንደርስ ከእማማ ደረሰኞች በላይ አድርገን በዚያው ክር አሰርነው።